የማንአለብሽ ስለት

በእስራኤሏ ቤር ሼባ ከተማ፣ ሽኩና ዳሌት በሚባለው ሰፈር ውስጥ ማንአለብሽን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት የገባ ነው፣ ወይ ጎረቤት የሚጠላ ነው። ቁመቷ አጭር፣ ሳቋ ረጅም፣ አፏ ለመልስ የማይዘገይ ሴት ናት። ቀን ቀን አቅም ያነሳቸውን አረጋውያን በየቤታቸው እየዞረች ትንከባከባለች፤ ታጥባለች፣ ታበላለች፣ ስታጫውታቸው ትውላለች። ቤቷ ስትገባ ደግሞ ሌሎች አርባ ያህል አረጋውያን ይጠብቋታል። እነዚህኞቹ ሁሉም እንግሊዝ አገር የተወለዱ፣ አብዛኞቹም መቶ ዓመት የደፈኑ ናቸው፤ ጥርሳቸው ግን እስካሁን አልረገፈም። ሰንጢዎች ናቸው።

አዎ፣ ሰንጢ። የሚታጠፍ፣ የማይታጠፍ፣ ባለ ቀንድ እጀታ፣ ባለ ዛጎል እጀታ፣ ሰገባ ያለው፣ ሰገባው የጠፋበት፤ ብቻ አሮጌ ይሁን እንጂ፣ ብቻ እንግሊዝ አገር የተሠራ ይሁን እንጂ፣ የማንአለብሽ ልብ ይቀልጣል። ሌላው ሰው ወርቅ ይሰበስባል፣ ሌላው ሳህን ይሰበስባል፣ ሥራ የፈታ ደግሞ የሰው ወሬ ይሰበስባል። እሷ ሰንጢ ሰበሰበች፤ ማንን ገደለች? ባሏ ቢምረው ግን በየሰርጉ መቀለጃ አድርጓታል። «ሌላው ባል ሚስቱ ስትቆጣ ይከራከራል፤ እኔ ግን ሳሎኔን አየት አደርግና ዝም እላለሁ» ይላል። እሷም አትተወውም። «እናቴ ማንአለብሽ ብላ ስታወጣልኝ ታውቅ ነበር። ታዲያ ማን አለብኝ?» ትለዋለች።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ፖም ነው። ከጎንደር በመጣች በሁለተኛው ዓመት፣ ከቤር ሼባ በስተሰሜን ለሃቪም በምትባል፣ ቤቱ ሁሉ ባለ ግቢ በሆነባት ትንሽ ከተማ፣ ጊዲ የሚባሉ ሽማግሌ ዘንድ ተቀጠረች። ጊዲ እንግሊዝ አገር ተወልደው ያደጉ፣ እግራቸው እንጂ አፋቸው ያልደከመ ሰው ነበሩ። ሁልጊዜ ከቁርስ በኋላ ፖም ይበላሉ። ፖሙን ደግሞ ማንም እንዲልጥላቸው አይፈልጉም። ከኪሳቸው ጥቁር ቀንድ የለበሰች ሰንጢ ያወጡና በጥፍራቸው ይከፍቷታል፤ ልጣጩን ሳይበጥሱ እንደ ጥምጥም ፈትተው ያወርዱታል፤ ሲጨርሱ ጠርገው ያጥፏታል። ያን ጊዜ ሰንጢዋ «ቀጭ!» ትላለች። ማንአለብሽ የወደደችው ይህንን «ቀጭ» ነው። ሌላ ሴት በዐይን ትያዛለች፣ ሌላዋ በምላስ ትያዛለች፤ እሷ የተያዘችው በሰንጢ መታጠፊያ ነው።

«እስቲ አንቺም ሞክሪ» አሏት አንድ ቀን በዕብራይስጥ። ሞከረች። እንደ ሕፃን ሳቀች፣ ደግማ ከፈተች፣ ደግማ አጠፈች፣ ፖሙም ተረሳ። ጊዲ ስለቱ ሥር የተቀረጹትን ደቃቅ ፊደላት አንድ በአንድ አስጠኗት። ሼፊልድ ይላል። ሼፊልድ በቢላዋ ሥራ የታወቀች የእንግሊዝ ከተማ ናት አሏት። ማንአለብሽ እስካሁን በእንግሊዝኛ ማንበብ የምትችለው ቃል እሱን ብቻ ነው፤ እሱን ግን ዝገት ቢውጠውም ታነበዋለች።

ጊዲ ሃይፋ ወደምትኖረው ልጃቸው ሊሄዱ ሲሉ ሰንጢዋን መዳፏ ላይ አስቀመጡላት። ልትስማቸው ብድግ ስትል እጃቸውን ዘረጉ።

«መጀመሪያ ሳንቲም አምጪ» አሏት። «እኛ አገር ስለት በነፃ አይሰጥም፤ በሰጪውና በተቀባዩ መካከል ያለውን ፍቅር ይቆርጣል። የፈለግሽውን ስጪኝና ተሸጠ እንበል።»

ማንአለብሽ ቦርሳዋን በርብራ አንዲት ቢጫ የዐሥር አጎሮት ሳንቲም አገኘች። ጊዲ ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱና መረቋት። ከዚያ ወዲህ ስልክ ሳይደዋወሉ ያለፈ በዓል የለም፤ ስለዚህ ነገሩ ሳይሠራ አይቀርም።

እንግሊዞች ይህን አገር ገዝተው ሲወጡ ሰንጢያቸውን መቁጠር ረስተው ነው የወጡት፤ ወይም ለማንአለብሽ ብለው ትተውላታል። በአሮጌው ከተማ ባሉ የአሮጌ ዕቃ ሱቆች፣ በሐሙስ ገበያ መሬት ላይ በተዘረጋ ሸራ፣ ከተሰበረ ሬዲዮና ጥንዱ ከጠፋ ጫማ መካከል ታገኛቸዋለች። የአትክልተኛ ሰንጢ አላት፤ ስለቱ እንደ ማጭድ የጎበጠ። የመርከበኛ አላት፤ ገመድ መፍቻ ወስፌ ያለው። የፍራፍሬ መብያ አላት፤ እጀታዋ ዛጎል የሆነ፣ ለመብላት ሳይሆን ለመሽኮርመም የተሠራች የምትመስል። ከሁሉም በላይ የምትኮራበት ግን የማይታጠፈው ጩቤ ነው፤ እጀታው የአጋዘን ቀንድ፣ ሰገባው ቆዳ፣ ስለቱ ላይ የሠሪው ስም «ጆርጅ» ተብሎ የተቀረጸበት። ያነበበችላት አንድ ልጇ ታሊያ ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጩቤው በቤቱ ውስጥ ጆርጅ ሆኖ ቀረ። «ጆርጅን ዘይት ቀባሁት»፣ «ጆርጅ ዛሬ አምሮበታል» ሲባል እንግዳ ሰው የሩቅ ዘመድ ይመስለዋል።

ማንአለብሽ ሕግ አክባሪ ናት። ሰንጢ ይዛ አውቶቡስ አትሳፈርም፤ ጣቢያው በር ላይ መፈተሻው ቢጮህባት ምን ትላለች? ስለዚህ ገዝታ ስትጨርስ ለቢምረው ትደውላለች። «ና፣ እንግዳ አለ» ስትለው ይገባዋል። ሰንጢው በፎጣ ተጠቅልሎ በመኪና ይሄዳል፤ እሷ አትክልቷን ልትገዛ ትቀርና በአውቶቡስ ተጋፍታ ትመለሳለች። «ሰንጢው ከአንቺ ይልቅ ተከብሮ ገባ» ይላታል ቢምረው። «እሱ ሽማግሌ ነው» ትለዋለች።

ግን ለምን ሰንጢ? ሰዎች ይጠይቋታል። «ደም ነው» ትላለች። አያቷ ወገራ ውስጥ የቤተ እስራኤል ቀጥቃጭ ነበሩ። ማረሻ፣ ማጭድ፣ ቢላዋ ከእጃቸው ያልወጣበት ቤት አልነበረም። ቀን ሥራቸውን የገዛ ሰው ማታ «ቡዳ» እያለ ልጁን ከእሳቸው ይደብቃል። ይህ ሲመራቸው መዶሻውን ጣሉ፣ ሃይማኖታቸውንም ለውጠው እንደ ሰው ገበሬ ሆኑ፤ ልጆቻቸውም የልጅ ልጆቻቸውም ክርስቲያን ሆነው አደጉ። ማንአለብሽ እስራኤል ገብታ፣ ተምራ፣ ወደ አያቶቿ ሃይማኖት ተመልሳለች። የአያቷን እጅ ሥራ ግን አንዲት ቢላዋ እንኳ የትም አላገኘችም። የእንግሊዙ በየገበያው ሞልቷል፣ የእሳቸው የለም። ይህን ስታወራ ብቻ ነው ማንአለብሽ የማትስቀው።

እንግዲህ ታሊያ ማታን የሚባል ልጅ ወደደች። ማታን ሽኩና ዩድ አሌፍ፣ በአያቶቹ በአባባ ሣህሌና በእማማ ሀዳስ እጅ ያደገ፣ እንደ ዕብራይስጥ ስሙ ስጦታ የሆነ ልጅ ነው። አያቶቹ በፈረንጆች በሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና አንዱ ትልቅ በረራ ከአዲስ አበባ የገቡ፣ በሰፈራቸው የተከበሩ ሰዎች ናቸው። አባባ ሣህሌ ደግ ናቸው፤ አንድ ነገር ብቻ አለባቸው። ከእነሱ ዘግይቶ የመጣውን ሰው «ልቡ ገና ከደብሩ አልወጣም» ብለው ይጠረጥራሉ። ማታን ደግሞ ያለ አያቶቹ ምርቃት አላገባም ብሏል። ስለዚህ የታሊያ ሰርግ በእኚህ ሽማግሌ አፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ እሳቸውና እማማ ሀዳስ ራሳቸው ሽማግሌ ሆነው ሊጠይቁ ሊመጡ ነው።

«ኢማ፣ በናትሽ» አለች ታሊያ፣ እናቷን እንደ ልማዷ በዕብራይስጥ ጠርታ። «የዚያን ቀን ብቻ ደብቂልኝ። አርባ ቢላዋ ያላት አማት ማን ይፈልጋል?»

ማንአለብሽ ልትቆጣ አስባ የልጇን ዐይን አየችና ተወችው። ልጇ ከጆርጅም ትበልጥባታለች።

ታሊያ ግን እናቷን ከመለመኗ በፊት አንድ ነገር አበላሽታ ነበር። የታሊያ አማርኛ በአንድ እግሩ የሚሄድ አማርኛ ነው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ እናቷ ሰንጢዎቹን ፎጣ ላይ ደርድራ ስትወለውል፣ «ስለቱን እንዳትነኪ!»፣ «ስለቱን እዪው እንዴት እንደሚያበራ!» ስትል ሰምታለች። ስለዚህ ለታሊያ ያ ዕቃ ሁሉ ስሙ «ስለት» ነው። እማማ ሀዳስ ቀን ለመቁረጥ ደውለው «እናትሽ ምን ትወዳለች ልጄ?» ብለው ሲጠይቋት፣ ኋላ እንዳይደነግጡ ቀስ ብላ ልታዘጋጃቸው ፈለገች። «እማማ፣ እናቴ ስለት ትሰበስባለች። ብዙ፣ ብዙ ስለት» አለቻቸው።

አማርኛ ደግሞ ተንኮለኛ ነው። ስለት የቢላዋ አፍ ነው፤ ስለት ደግሞ ሰው ሲጨንቀው «ይህን ካደረግህልኝ ይህን እሰጣለሁ» ብሎ ለፈጣሪ የሚገባው ቃል ነው። እማማ ሀዳስ የሰሙት ሁለተኛውን ነው። ለባላቸው ሲነግሯቸው አባባ ሣህሌ ፊታቸው ጠቆረ። «ስለት የሚሰበስብ የደብር ሰው ነው። አላልኩሽም?» አሉ። እማማ ሀዳስ ግን ያን ቀን በሆነ ነገር ደስ ብሏቸው ሲያንጎራጉሩ ዋሉ፤ ምክንያቱን ለማንም አልተናገሩም።

ቀኑ ማክሰኞ ሆነ። ማክሰኞ በኦሪት «መልካም» የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ የተነገረበት ቀን ስለሆነ ለእንዲህ ያለ ጉዳይ ይመረጣል። ማንአለብሽ ከጠዋት ጀምራ ዳቦ ጋገረች፣ ቤት ጠረገች፣ ልብስ ሦስት ጊዜ ቀየረች። ቢምረውን ደግሞ «ቢላዋ የሚባል ነገር እንዳላይ! ሁሉንም ደብቅ!» ብላ አዘዘችው። ቢምረው ታዛዥ ነው። ሳሎን ያለው ሶፋ ከሥሩ ብርድ ልብስ ማስቀመጫ ሣጥን አለው፤ መቀመጫው ወደ ላይ ይከፈታል። አርባውንም ሰንጢ እዚያ ውስጥ ደርድሮ ዘጋባቸው።

እንግዶቹ ገቡ። አባባ ሣህሌ ጋቢ ለብሰው፣ ባርኔጣ ደፍተው፣ ዱላ ይዘው። እማማ ሀዳስ ነጭ ቀሚስ ለብሰው፣ መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው ታጥቀው፣ በፈገግታ። ማታን ታች መኪናው ውስጥ ሆኖ በየደቂቃው ለታሊያ መልእክት ይልካል፤ ታሊያ ኩሽና ውስጥ ሆና ጥፍሯን ትበላለች። ከቤቱ ሁሉ የሚሻለው መቀመጫ ሶፋው ስለሆነ፣ እንግዶቹ ሄደው እሱ ላይ ተቀመጡ።

ማንአለብሽና ቢምረው ተያዩ። ሁለት የተከበሩ ሽማግሌዎች እንደ ዶሮ አርባ ሰንጢ ታቅፈው ተቀመጡ ማለት ነው። አባባ ሣህሌ ወደ ጎን በተነቃነቁ ቁጥር ከሥራቸው «ቅጭል» ይላል። «ሶፋው አርጅቷል» አለ ቢምረው፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ሰላምታው አለቀ፤ ዳቦው ቀረበ። ወፍራም፣ ቡናማ፣ አሁን ከምድጃ የወጣ ዳቦ ነው። «ቢምረው፣ ቢላዋ አምጣልን» አለች ማንአለብሽ። ቢምረው ኩሽና ገባ፣ ቆየ፣ ባዶ እጁን ተመለሰና ጆሮዋ ሥር ጎንበስ አለ።

«እሱንም ደብቄዋለሁ።»

«የዳቦውን?»

«ሁሉንም ደብቅ አላልሽኝም?»

ቢላዋ የሞላበት ቤት ዳቦ መቁረጫ አጣ። ማንአለብሽ ሳቋን ለመዋጥ ሳል አስመሰለች፤ ሳሉም ሳቅ ሆኖ አመለጣት። ዳቦው እንደተዘፈዘፈ ቀረ። አባባ ሣህሌ ዳቦውንም ባልና ሚስቱንም አዩና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ቤታችሁ ደህና ነው። ልጃችሁም ጨዋ ናት» አሉ። «አንድ ነገር ሳንጠይቅ ግን ወደ ዋናው ነገር አንገባም።»

«ይጠይቁ አባባ።»

«ስለት ትሰበስቢያለሽ ይባላል። እውነት ነው?»

ኩሽና ውስጥ ማንኪያ ወደቀ። ማንአለብሽ ልቧ አብሮ ወደቀ። ማን ነገራቸው? ግን ውሸት አትወድም፤ ደግሞም ነገ ጎረቤት ሁሉ ይመሰክርባታል።

«እውነት ነው አባባ። ምን ላድርግ፣ አንዴ ከያዘ አይለቅም።»

«እሰይ» አሉ እማማ ሀዳስ በለሆሳስ። ባላቸው በዐይናቸው ገሠጿቸው።

«ከየት ነው የሚመጣልሽ?»

«ከየገበያው እለቅማለሁ። ዘሩ ግን ከእንግሊዝ ነው። ከሼፊልድ።»

«ሼፊልድ ማነው?»

«ቦታ ነው አባባ። እንደሱ ያለ ስለት የትም የለም።»

አባባ ሣህሌ ደብር ነው ብለው ያዙት። «እና… ይሠራል?» አሉ።

ማንአለብሽ ይህን ስትጠየቅ ራሷን ትረሳለች። ፍርሃቱ በኖ ጠፋ። «ኧረ እንዴት አይሠራም! መቶ ዓመት ሆኖት እንኳ ፀጉር ይላጫል!»

«ፀጉር ይላጫል?» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው። መነኩሴም አለበት ማለት ነው ብለው አሰቡ። «ከሁሉስ የሚበልጥብሽ የማን ስለት ነው?»

«የጆርጅ ነዋ!» አለች ፊቷ በርቶ።

አባባ ሣህሌ ፋብሪካ ሲሠሩ ጆርጅ የሚባል ባልደረባ ነበራቸው። ጆርጅ በአማርኛ ማን እንደሆነ በደንብ ያውቃሉ። ዱላቸውን ወለሉ ላይ መቱ።

«የጊዮርጊስ ስለት! እዚህም መጥተሽ? አሁንም?»

«አሁንም» የምትለዋ ቃል ማንአለብሽን የት እንደምታገኛት አገኘቻት። ወደ እስራኤል ለመግባት ጎንደር ወረፋ ስትጠብቅ ስንት ዓመት ሰምታታለች። እዚህ ከመጣች በኋላም፣ ተምራ፣ ተፈትና፣ ሰንበቷን አክብራ እየኖረች፣ አንዳንዱ ሰው ዘግይታ መምጣቷን ሲሰማ በዐይኑ ይጠይቃታል፤ አሁንም? አሁን ደግሞ በገዛ ቤቷ፣ በልጇ ቀን። ተናደደች። ከመናደዷ በላይ ግን ከፋት፤ ከሳቋ ውስጥ አንዲት ጥርስ እንኳ አልቀረችም።

«አባባ፣ ምን አሉኝ?» አለች።

«የሰማሽውን ነው። ልባችሁ እዚያ ከሆነ እዚያው ይሁን። ሀዳስ፣ ተነሽ» ብለው ብድግ አሉ።

ቢምረው በሩ ላይ ዘሎ ቆመ። ታሊያ ከኩሽና እየሮጠች ወጣች። «ሎ፣ ሎ፣ አባባ! ኢማ ስለት… ስለት…» አይደለም ማለቷ ነው፤ ግን አማርኛው አለቀባት። ቃል ስታጣ እጇን እንደ ቢላዋ ዘርግታ አንገቷ ላይ አስኬደችው።

«ደግሞ ታርዳለች?» አሉ አባባ ሣህሌ፣ ወደ ሶፋው መለስ ብለው ቁጭ እያሉ። ከሥራቸው «ቅጭልጭል» አለ።

ማንአለብሽ የልጇን እጅ አየች፤ «ስለት» የሚለውን ቃል በጆሮዋ መልሳ ሰማችው። ያን ጊዜ ገባት። ቁጣዋ ሳይበርድ ሳቅ መጣባት፤ ሁለቱ ጉሮሮዋ ላይ ተጋጩ።

«ይነሡልኝ አባባ። እማማም ይነሡልኝ» አለች። «ስለቴን ላሳያችሁ። ላዩ ላይ ነው የተቀመጣችሁት።»

ግራ ገብቷቸው ተነሡ። መቀመጫውን ብድግ አደረገችው። ከመስኮቱ የገባው የከሰዓት ፀሐይ ሣጥኑ ውስጥ ወደቀ፤ አርባውም አንድ ላይ አበሩ። ቀንዱ፣ ዛጎሉ፣ ወስፌው፣ ማጭዱ። ጆርጅ በቆዳ ሰገባው መሃል ላይ ተጋድሟል። ከጎኑ የኩሽናው ቢላዋ፣ የትም እንደማይመጥን ሁሉ፣ ከመኳንንቱ ጋር ተደርድሯል።

«ይሄ…» አሉ አባባ ሣህሌ። «ይሄ እኮ ሰንጢ ነው።»

«ስለት!» አለች ታሊያ፣ እንደ ማልቀስ እያላት።

መጀመሪያ የፈነዱት እማማ ሀዳስ ናቸው። ግድግዳውን ይዘው ሳቁ፤ ነጠላቸው ወደቀ፤ ቢምረው ሊያነሣ ጎንበስ ብሎ እሱንም ሳቁ አስቀረው። አባባ ሣህሌ ለክብራቸው ሲሉ ጥቂት ታገሉ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። «ይህን ሁሉ ታቅፌ ነው እንዴ ጊዮርጊስን የምከስሰው?» አሉና ተሸነፉ።

ሲበርድላቸው እማማ ሀዳስ ዐይናቸውን ጠረጉ። «እሺ እናንተስ ሳቃችሁ» አሉ። «እኔ ምን ልሁን? እኔ እኮ ስለቴን ላስገባ ነበር የመጣሁ!»

«የምን ስለት?» አሉ ባላቸው።

«ማታን ለሚሉዊም፣ ለተጠባባቂ ጦር ተጠርቶ ጦርነት ሲሄድ የተሳልኩት። በሰላም ከመለስክልኝ ከአባቴ የቀረኝን ዕቃ እሰጣለሁ ብዬ ነበር። ልጁ ተመለሰ፤ እኔ ግን ስለቴን የማስገባበት አጣሁ። ምኩራብ ይዤው እንዳልሄድ በር ላይ ይፈትሻሉ፤ ይይዙኛል። እንቅልፍ አጥቼ ከረምኩ። ይቺ ልጅ እናቴ ስለት ትሰበስባለች ስትለኝ፣ ተመስገን፣ ተቀባይ ተገኘ ብዬ።»

መቀነታቸውን ፈቱ። ከእጥፉ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ወጣ። ጨርቁን ሲገልጡት ወፍራም፣ ዝገት የበላው፣ ባለ ቀንድ እጀታ ሰንጢ ነው።

«ለዚህ ነው መፈተሻ የምፈራው» አሉ። «ጎንደር ላይ እንግሊዝና ጣሊያን ሲዋጉ፣ አንድ የእንግሊዝ ወታደር እጀታው የተሰበረ ሰንጢ ይጠገንልኝ ብሎ አባቴ ዘንድ አመጣ። አባቴ ቀጥቃጭ ነበር። ቀንድ ጠርቦ እጀታ ገጠመለት፤ ወታደሩ ግን ሳይመለስ ቀረ። ወደዚህ ስንመጣ ምንም አትያዙ ሲሉን ጡቴ ሥር አሠርኩት።»

«ይህን ሁሉ ዘመን የት ደብቀሽው?» አሉ አባባ ሣህሌ አፋቸውን ከፍተው።

«አንተ በማትደርስበት። ከድስቶቹ ጀርባ።» ከዚያ ወደ ማንአለብሽ ዞሩና እጃቸውን ዘረጉ። «ስለቴ ስለት ነው ልጄ። ተቀበይኝ።»

ማንአለብሽ ተቀበለች። በጥፍሯ ልትከፍተው ስትሞክር እምቢ አላት፤ ዘይት ጠብ አደረገችበት፣ አባበለችው፣ ተከፈተ። በቀሚሷ ጫፍ ወለወለችው። ከዝገቱ ሥር የምታውቃቸው ፊደላት ብቅ አሉ። «ሼ… ፊ… ልድ» አለች፣ እንደ ተማሪ። ቢምረውና ታሊያ አጨበጨቡ።

እሷ ግን ስለቱን ትታ እጀታውን ማየት ጀምራ ነበር። ቀንዱ በሞረድ የተስተካከለ ነው፤ ሞረዱ ያለፈበት መስመር ይታያል። ችንካሮቹ የፋብሪካ አይደሉም፤ በመዶሻ የተመቱ ናቸው፣ አንዱ ትንሽ ጠመም ብሏል። ጣቷን ጠማማው ላይ አደረገችና እዚያው ቀረች። እንባዋ ሳታስበው መጣ።

«ምነው ልጄ?» አሉ እማማ ሀዳስ።

«አያቴም ቀጥቃጭ ነበሩ» አለች። «ወገራ። ቡዳ ሲሏቸው መሯቸው መዶሻቸውን ጣሉ። የእንግሊዙን ሁሉ ስለቅም የኖርኩት የእሳቸውን ስላጣሁ ነው። እንዲህ ያለ ችንካር ፈልጌ ፈልጌ ነው ያጣሁት።»

አባባ ሣህሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። የሚስታቸውን አባት ስንት ጊዜ በዚያው ስም ሲሰድቧቸው እንደሰሙ ያውቃሉ። አንዱ መዶሻውን ይዞ ቀረ፣ አንዱ ጣለው፤ የተሰደቡት ግን በአንድ ስድብ ነው።

«ለምን ቀድመሽ አልነገርሽንም?» አሏት።

«ማን ጠየቀኝ አባባ?»

«አጥፍቻለሁ» አሉ አባባ ሣህሌ፣ እንደ ልጅ ዝቅ ብለው። «ቃሌን መልሼ ዋጥኩት። ይቅር በይኝ።»

ማንአለብሽ አፍንጫዋን ጠረገች። ሰንጢውን ደረቷ ላይ አስጠግታ ይዛዋለች፤ አሁን ከእጇ የሚወስድባት ሰው ቢመጣ ትነክሰዋለች። ድንገት ግን ጊዲ ትዝ አሏት።

«በነፃ አልቀበልም እማማ!» አለች። «ስለት በነፃ ከተሰጠ ፍቅር ይቆርጣል። ሳንቲም መክፈል አለብኝ። ቢምረው፣ ሳንቲም!»

ቢምረው ኪሱን ገለበጠ፤ የአውቶቡስ ካርድና ሽንት ቤት ወረቀት ወጣ። የማንአለብሽ ቦርሳ ተራገፈ፤ ካርድ ብቻ። ታሊያ ስልኳን አሳየች፤ እሷ ከተወለደች ጀምሮ በሳንቲም የከፈለች አይመስልም። መሳቢያ ተከፈተ፣ የሶፋው ማዕዘን ተፈተሸ፣ ምንጣፍ ተነሣ። በቤቱ ውስጥ አንዲት ዐሥር አጎሮት ጠፋች።

አባባ ሣህሌ ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። የሽማግሌ ድምፃቸውን አወጡ።

«እንግዲህ ሳንቲም ከጠፋ» አሉ፣ «ልጃችሁን ስጡን።»

«ማ አኒ፣ ማትቤያ?» ብላ ጮኸች ታሊያ። ሳንቲም ነኝ እንዴ ማለቷ ነው፤ ግን ጥርሷ ሁሉ ይታይ ነበር፣ አውራ ጣቷም ስልኳ ላይ ለማታን መልእክት እየጻፈ ነበር። የማንአለብሽ እልልታ መስኮቱን አልፎ ታች ድረስ ሄደ። መልስ ሆኖ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ።

ዳቦው እስካሁን አልተቆረጠም ነበር። ማንአለብሽ ከሣጥኑ መሳያ ድንጋይዋን አወጣችና የእማማ ሀዳስን ሰንጢ አንድ ሁለት እያደረገች ሳለችው፤ የፈላ ውኃ አፈሰሰችበት፣ አደረቀችው፣ ለአባባ ሣህሌ ሰጠቻቸው። ባረኩ፤ ዳቦውን ቆረሱ። የመጀመሪያውን ቁራሽ ለማንአለብሽ ሰጡ፤ ማታንም ደረጃውን ሦስት ሦስት እየዘለለ ደረሰና ሁለተኛውን ወሰደ።

ሽማግሌው ሰንጢውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና አጠፉት። «ቀጭ!» አለ። ቆም አሉ። በጥፍራቸው ከፈቱት፤ አሁንም አጠፉት። «ቀጭ!» ግራና ቀኝ አዩ፤ ማንም ያላያቸው መሰላቸው። ከዚያ ወደ ማንአለብሽ ጎንበስ አሉ።

«እስቲ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያንን ጆርጅን አሳዪኝ።»